አራተኛው ስድስት

ማክሰኞ ረፋድ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ ያነሳሽው አንቺ ነበርሽ። እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ቆሜ የተጨማደደ ወረቀት አቃና ስለነበር የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ብቻ ነው። «ስንት ሰው?» አልሽ። አዳመጥሽ። «ማሽኑስ?» አልሽ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስተሽ መዳፍሽ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፍሽ። ከቆምኩበት አየኋቸው፤ ስድስት እና አምስት። ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገባኝ። ገብቶኝም ወረቀቴን ማቃናቴን ቀጠልኩ።

እህቴ፣ ሰላምታውን ሳላስቀድም በዚህ በመጀመሬ አትቀየሚኝ። ሰላም ብዬ ብጀምር እዚያው ሰላምታው ላይ እንደምቀር ስለማውቅ ነው። እንዴት ነሽ? ወገብሽን እንዴት ያደርግሻል? አዲሱ ትምህርት ቤትስ፣ ተማሪዎችሽ ኪቦርዱን አልሰበሩብሽም? እማዬ ጉልበቷ ተሻላት? አጎታችን ደረጃ ሲወጣ አሁንም ከደረጃው ጋር ይጣላል? እኔ አካሌ ደህና ነው። የቀረውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። መልእክት ጽፌ አጠፋሁ፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ አጠፋሁ። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። ወረቀት ላይ የጻፍኩትን ወደ ኋላ ተመልሼ ማሳመር አልችልም፤ የሰረዝኩትም ቢሆን ይታይሻል።

ፕሮግራሚንግ ያስተማርሽኝ በኮምፒውተር እንዳልነበረ ታስታውሻለሽ? አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አንቺ ሥራ ከጀመርሽ ገና ዓመትሽ። «በመጀመሪያ የቤታችን በር እንዴት እንደሚከፈት ጻፊልኝ» አልሽኝ። ያኔ ከክፍሌ አንደኛ ስለምወጣ ልቤ አብጦ ነበር፤ «ይሄም ጥያቄ ሆኖ!» ብዬ በአራት መስመር ጻፍኩት። ወረቀቱን ለአጎታችን ሰጠሽው፤ ከነቁልፉ ውጭ አስወጣሽውና በሩን ዘጋሽበት። «ከተጻፈው ሌላ ምንም እንዳታደርግ» አልሽው። አጎታችን ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ የታዘዘውን በማድረግ የሚስተካከለው የለም። እኔ «በሩ እስኪከፈት ድረስ ግፋ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ቁልፉን አዙር ማለቱን ግን ረስቼዋለሁ። ገፋ። ገፋ። እኛ ውስጥ ሆነን በሳቅ ሞትን። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ «ልጆች፣ ወረቀቱ መቼ እንደማቆም አይልም፤ ምሳ ሰዓት ደግሞ ደርሷል» ሲል ተሰማን። ማሽን ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የጻፍሽለትን ነው የሚያደርገው፤ ያሰብሽውን አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ስም ነበር። «ቁጥርን ብቻውን አትተዪው። ስም ስጪው፣ አንድ ቦታ አስቀምጪው፤ የሚፈልገው ሁሉ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ» አልሽኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅሽ፣ «ኮድሽን ነገ የሚያነበው ሰው ደክሞት ይሆናል፤ ልጁ ታሞበት ይሆናል፤ ለእሱ እዘኚለት» አልሽ። ሳቅሁብሽ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከዚህ የረቀቀውን ሁሉ ተማርኩ፤ በማዕረግ ተመረቅሁ። ይቺን ግን የእህቴ ምክር ናት ብዬ ከትምህርት አልቆጠርኳትም።

አንቺ መሥሪያ ቤት ስቀጠር አለቃችንን «ነገ ጠዋት» ብለን የሰየምነው እኔና አንቺ ነን። ምንም ይሁን ምን መቼ ይድረስ ሲባል መልሱ እሷው ናት። የአንድ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍልን የቀጠሮ ድረ ገጽ ለእኔ ሲሰጠኝ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ብቻዬን የምሠራው የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር። «አንድ ሳምንት ይስጡኝ፤ የተደጋገመውን ልሰብስብ፤ ስህተት ቀድሞ የሚይዝ መፈተሻም ልጻፍለት» አልኩት። «የኔ እመቤት፣ ማማር ለሠርግ ነው። የሚሠራ ነገር አምጪልኝ፤ ነገ ጠዋት» አለኝ።

በሱ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ይገባዋልም። ግን ኪቦርዱ ላይ የነበረው የሱ ጣት አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ስድስት የእጥበት ማሽን ነበር። እኔ ያን ስድስት አራት ቦታ ጻፍኩት፤ ስም ሳልሰጠው፣ እንዲያው ባዶውን። አንዱ ነርሶቹ በሚያዩት ገጽ ላይ፣ አንዱ የሳምንቱ ሰንጠረዥ ላይ፣ አንዱ ሪፖርቱ ላይ፤ አራተኛው ደግሞ ታካሚው በስልኩ ገብቶ ሰዓት የሚይዝበት ገጽ ላይ። ከአንዱ ገልብጦ ሌላው ላይ መለጠፍ ሁለት ሴኮንድ ነው። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ ዓይንሽን ከራስሽ ስክሪን ሳትነቅይ፣ «ቁጥሯን አንድ ቦታ አድርገሻታል አይደል?» አልሽኝ። «አንድ ቦታ ናት» አልኩሽ።

ዋሸሁሽ። አፍሬ ነው እንጂ ለተንኮል አልነበረም። ግን ውሸት ነው።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከማሽኖቹ አንዱ ተበላሸ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ደውላ «ከሰኞ ጀምሮ አምስት ነን» አለች። አንቺ ያን ቀን ሌላ ደንበኛ ዘንድ ነበርሽ። አለቃችን ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ «ከምሳ በፊት» አለኝ፤ ለካ ከነገ ጠዋትም የባሰ አለ። ስድስቶቹን እየፈለግሁ አምስት አደረግኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውን ረሳሁት። ፈትሾ ማጽደቅ የነበረበት አለቃችን ነው፤ አንድ መስመር ሳያነብ «ጸድቋል» የምትለዋን ተጫነ።

ሰኞ ቀጠሮው ስላልሞላ ማንም አላወቀም። ማክሰኞ ሞላ። ለአምስት ማሽን ስድስት ሰው መጣ። ስድስተኛው ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ስልካቸውን እያሳዩ «ይኸው፣ ኑ ይላል እኮ» ቢሉም ማሽን ከየት ይምጣ? ለሐሙስ ተይዞላቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ክፍሉም ከዚያ ቀን ወዲህ የስልኩን ቀጠሮ ዘግቶ በወረቀት መያዝ ጀመረ። ሐሙስ ሳይደርስ ሰውየውን ትንፋሽ አጠራቸው፤ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። አልሞቱም። ይቺን «አልሞቱም» የምትል ቃል ስንት ቀን እንደ ትራስ እንደተንተራስኳት አትጠይቂኝ።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን ፋይሌን ከነለውጥ መዝገቡ ግድግዳው ላይ አበራው። መዝገቡ በእያንዳንዱ መስመር ጎን መጨረሻ የነካውን ሰው ስም ያሳያል። ከላይ እስከ ታች ያንቺ ስም ነበር። የእኔ አንድም ቦታ የለም። ሁላችንም ምክንያቱን ያወቅን መሰለን። አርብ አርብ ከሰዓት የየአንዳንዳችንን ፋይል እየከፈትሽ በመስመሮቹና በቃላቱ መካከል የተዘበራረቀውን ክፍተት የምታስተካክይልን አንቺ ነሽ፤ «ቤት ጠረጋ» ነበር የምንለው። አንድ ቃል ሳትለውጪ ክፍተቱን ብቻ ብታስተካክይ እንኳ መዝገቡ ያንቺን ስም ይጽፋል። የፊተኛው ስም ከሥር ይቀራል፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ለሚመለስ ሰው ብቻ ይታያል። አለቃችን ወደ ኋላ መመለስ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። አንዲት ቁልፍ መጫን ነበረች። እጄም ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«የማን ሥራ ነው ይሄ?» ሲል፣ ወደ እኔ ሳትዞሪ «ስሜ አለበት» አልሽ። «እኔ ነኝ» አላልሽም። ልዩነቱን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። እሱ «ሰባት ዓመት ሙሉ አምኜሽ!» አለ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሮ «ሰው ሲሰለች እንዲህ ነው፤ ተማሩበት» አለ፤ አንቺንም «ከነገ ጠዋት ጀምሮ አትምጪ» ብሎ አሰናበተሽ። እኔ ጫማዬን አየሁ። የግራ ጫማዬ ጫፍ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር። የዚያን ጭቃ ቅርጽ አሁን ሳዪው ብትይኝ እስልልሻለሁ።

ማታ ቤት ስንገባ እራት ሠራሽ። መቅመስ ሲያቅተኝ «ብዪ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» አልሽኝ። በላሁ። እህቴ፣ በላሁ! በማግስቱ ልብስሽን ሸክፈሽ ወደ እማዬ ሄድሽ፤ እኔም ሻንጣሽን እስከ መኪናው ተሸክሜ «ስትደርሺ ደውዪ» ብዬ ተመለስኩ።

ሰኞ ዕለት አለቃችን ጠርቶ ወንበርሽን ሰጠኝ። ተቀመጥኩበት። አዎ፣ ሰምተሻል፤ ከእኔ ግን አልሰማሽም። ከፍታውን ለቁመቴ ዝቅ አደረግሁት። ለእማዬ ደውዬ ስነግራት «አንቺ እንኳ አላሳፈርሽኝም» አለችኝ። «እሺ እማዬ» ብዬ ዘጋሁ። መሳቢያሽ ውስጥ በእጅሽ የጻፍሻቸው የሥራ ዝርዝሮች ነበሩ፤ ያለቀው ሁሉ በሰረዝ ተሰርዟል። በአምስት ወር ውስጥ ያልተሰረዘች፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየተገለበጠች የመጣች አንዲት መስመር ብቻ አለች። «የታናሼን የቀጠሮ ፋይል አብረን ማየት፤ ሲመቻት።» መሳቢያውን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሦስት ሳምንት እዚያ ወንበር ላይ ዋልኩ። እንኳን ደስ አለሽ ላሉኝም ሁሉ አመሰግናለሁ አልኩ።

ከዚያ ኃላፊዋ ነርስ ደወለች። «ስድስተኛው ተጠግኗል፤ ወደ ስድስት መልሱልን፤ የስልኩንም ቀጠሮ ክፈቱልን» አለች። ፋይሉን ከፈትኩ። ዛሬስ ቆጥሬ አራቱንም ስድስት አደርጋለሁ ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። ለቁጥሩ ስም ሰጠሁት፤ «ሥራ ላይ ያሉ ማሽኖች»። አንድ ቦታ አኖርኩት። አራቱም ገጾች ከዚያ እንዲጠይቁ አደረግሁ። ማሽኖቹ ከሞሉ በኋላ የሚመጣውን ሰው ድረ ገጹ ሌላ ሰዓት ምረጥ እንዲለው አደረግሁ፤ ሳይለው ቢቀር ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ መፈተሻም ጻፍኩለት። ምን ያህል የፈጀ ይመስልሻል? አርባ ደቂቃ። የሰዓት ጠጋኙ አምስት ቀን፣ ያንቺ ሰባት ዓመት፣ አርባ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ስጨርስ በለውጥ መዝገቡ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ስሜን ከሥር አገኘሁት፤ እሱን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት ካንቺ ስም አጠገብ ያለውን ቀን ነው። ያን የስብሰባ ቀን ሁላችንም ስሙን እንጂ ቀኑን ያየ አልነበረም። የእኔ ፋይል ቤት ጠረጋ አርብ ከሰዓት አልነበረም። ማክሰኞ ነው። ረፋድ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት።

ደጋግሜ አየሁት። ስልኩ የጮኸው ሦስት ከአሥር ላይ ነው፤ አንቺ ፋይሌን የጠረግሽው ከሩብ ሰዓት በኋላ።

ስለዚህ ምንም አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስሽ። ሰባት ዓመቴ ሳለ የአጎታችንን ሬዲዮ ከመስኮት ጣልኩት። እኔ አፌን ሳልከፍት አንቺ «እኔ ነኝ» አልሽ፤ ሳምንት ሙሉ ከቤት እንዳትወጪ ተቀጣሽ። እኔ በማመስገን ፈንታ ክንድሽን ነከስኩሽ። እማዬ «ይቺስ ልጅ አይደለችም፣ መዥገር ናት!» አለች። ለምን እንደነከስኩሽ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ።

ፋይሉን ባስተካከልኩ ማግስት ኃላፊዋ ነርስ አስፈቅዳልኝ ሰዓት ጠጋኙ ቤት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፤ አንዱ ከሌላው አይስማማም። ቁጭ በይ ሳይሉኝ፣ እንደቆምኩ፣ «ያን ቀን ኑ ብሎ ያስመጣዎትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ያችኛዋም መጥታ ይቅርታ ጠይቃኝ ነበር፤ ረዘም የምትለው። ብርቱካን ይዛ» አሉ። እጄን አየሁት፤ ባዶ ነበር። «ለአንድ ስህተት ስንት ሰው ነው ይቅርታ የሚጠይቀኝ? አለቃችሁስ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። «ነገ ጠዋት» አልኳቸው። ቀልዱን ሳያውቁት ሳቁ። እኔ ሳቄና እንባዬ ተቀላቀለብኝ።

ከዚያ አንድ የኪስ ሰዓት አውጥተው የኋላ ክዳኑን ከፈቱልኝ። ውስጡ በመርፌ ጫፍ የተጫረ ቀንና ስም አለ፤ ከሥሩ ሌላ ቀን፣ ሌላ ስም። «የነካነው ሁሉ እንጽፋለን። የሚቀጥለው ጠጋኝ ማንን እንደሚሰድብ እንዲያውቅ» አሉኝ። «የሌላ ሰው ስም የሚጽፍ አጋጥሞዎት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንዲህ ያለውን ሰው መሣሪያ አላስነካውም» አሉ።

ቢሮ ተመልሼ ለውጡን መዝገብ ውስጥ ሳስገባ ከሥሩ ማስታወሻ ጻፍኩ። አራተኛውን ቁጥር የረሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ አንቺ ከክፍተት በቀር አንድ ቃል እንዳልነካሽ፣ ማን ሳያነብ እንዳጸደቀው፣ ሁሉንም ከነቀኑ። አትሜም ለኃላፊዋ ነርስ ላክሁላት። ሌላውን ቅጂ ይዤ አለቃችን ክፍል ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት። «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ያጸደቅኸው ደግሞ አንተ ነህ። እህቴን በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቃታለህ» አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ተቀመጪ እስቲ። ደንበኛው ይቅርታችንን ተቀብሏል። እህትሽ አልተቃወመችም። አንቺም ወንበር አገኘሽ። ማን ተጎዳ?» አለኝ። ማን ተጎዳ! «ያቺን ማስታወሻ ከመዝገቡ አጥፊያት፤ እኔም ይሄን አልሰማሁም» አለ። አላጠፋም አልኩት። «እንግዲያው ወንበሩን ልቀቂ» አለ። «መቼ?» አልኩት። «አሁን!» አለ። መሥሪያ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ነገ ጠዋትም ከምሳ በፊትም ያልተባለ የመጀመሪያው ነገር የእኔ መባረር ነው። ጆሮው የተሰበረውን ኩባያሽን ይዤ ወጣሁ። መስኮቱ ላይ ነው፤ ትወስጂዋለሽ።

ትናንት ኃላፊዋ ነርስ ደወለች። ማስታወሻዬን ለበላዮቿ ሰጥታቸዋለች። «ታዲያ ያቺን ልጅ ለምን አባረሯት?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔ ዝም ስላልኩ ነው» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ ሊፍት ውስጥ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አሁን ይሄን አንብበሽ «አይዞሽ፣ አለፈ» ልትይኝ ስልክሽን እንዳታነሺ። አላለፈም። ሦስት ሳምንት ወንበርሽ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ማስታወሻው ያን አይሽረውም። ይልቅ ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አንብቢላት፤ ዓይኗ ስለደከመ ጮክ ብለሽ። ያሳፈረቻት ልጅ የትኛዋ እንደሆነች ትወቅ። ሬዲዮው ጋ ስትደርሺም እንዳትዘዪው፤ አጎታችንም ይስማ።

እማዬን ጉልበቷን ያጽናላት። አጎታችንን ከደረጃው ጋር ያስታርቀው። ያንቺን ወገብ ይማርልሽ፤ እጅሽ አይታክት፤ ከእንግዲህ የምትሄጅበት ሁሉ ሳትገፊው በሩ ይከፈትልሽ።

እኔ ግን ከእንግዲህ አንድ ነገር አልቀበልም። እኔ በጻፍኩት መስመር ላይ የሌላ ሰው ስም እንዲያርፍ አልቀበልም። አለቃ ቢያዝ አልቀበልም። በፍቅርም ቢሆን አልቀበልም፤ ትሰሚኛለሽ? በፍቅርም ቢሆን።

ክንድሽን የነከሰችው
ታናሽሽ